ያልተለኩ አራት ቀናት

በማዕድኑ ግቢ ሰው ሁሉ የሚያውቀው «ውሃ ልክ» በሚለው ስሙ ነው። ስሙን ያወጡለት የግንባታ ክፍሉ ግንበኞች ናቸው። አንድም ሥራው ውሃ መለካት ስለሆነ፣ አንድም ግድግዳ ላይ እንደሚያጋድሙት መሣሪያ ወዲህም ወዲያም የማይል ሰው ስለሆነ፣ እየሳቁ ውሃ ልክ አሉት፤ ስሙም በዚያው ተጣበቀበት። እሱም አልከፋውም። እንዲያውም የቢሮው ስልክ ሲጮህ ብድግ አድርጎ «አቤት፣ ውሃ ልክ ነኝ» ማለት ከጀመረ ቆይቷል።

ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ከዚህ ውስጥ አሥራ ዘጠኙን ያሳለፈው ከማዕድኑ የሚወጣውን ቆሻሻ ውሃ በመከታተል ነው። ድንጋዩ ተፈጭቶ ከታጠበ በኋላ የሚተርፈው ውሃ እንዳለ ቢለቀቅ ይኮመጥጣል፣ ያገኘውንም ያቃጥላል። ስለዚህ መጀመሪያ ትልቅ ኩሬ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ኖራ ይጨመርበትና ኩምጣጤው ይሰበራል፣ ዝቃጩ ወደ ታች ይወርዳል፣ የጠራው በብረት በር በኩል ወደ ወንዙ ይለቀቃል። የውሃ ልክ ሥራ የሚጀምረው እዚያ በሩ ላይ ነው። በየቀኑ፣ እሑድም ይሁን በዓል፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መለኪያውን በትከሻው አንግቶ፣ ጠርሙሶቹን በሳጥን ይዞ ይወጣል። ሦስት ቦታ ይቆማል፤ በሩ ላይ፣ ውሃው ከወንዙ በሚቀላቀልበት ቦታ፣ ከዚያም ራቅ ብሎ ድልድዩ አጠገብ። በየቦታው ጠርሙሱን በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ ያለቀልቃል፣ በአራተኛው ይሞላል፣ የመለኪያውን ጫፍ ነክሮ ቁጥሩ መዋለል እስኪያቆም ይጠብቃል። ቁጥሩ ሰባት አካባቢ ከሆነ ውሃው ጤነኛ ነው። ከስድስት ከወረደ በሩ መዘጋት አለበት፤ ዝጉ ብሎ የማዘዝ ሥልጣኑም የእሱ ነው። ከዚያ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በቀለም ይጽፋል። በእርሳስ ጽፎ አያውቅም።

ድልድዩ ጋ ለመድረስ የአንዲት አትክልተኛ ማሳ ያቋርጣል። ባሏ የሞተባት፣ ቀጠን ያለች፣ ወሬ የማታበዛ ሴት ናት፤ ከወንዙ በቦይ እየሳበች ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ጎመን ታለማለች። መጀመሪያ ሰሞን የማዕድን ሰው ሁሉ ጠላቷ ይመስላት ነበርና፣ በመደቦቿ መሀል ሲያልፍ ዓይኗን አትነቅልበትም ነበር። ቆይታ ግን ለመደችው። «ዛሬስ ውሃዬ እንዴት አደረ?» ትለዋለች። «ደኅና አድሯል፣ ሰላም ብሎሻል» ይላታል። ቀልዳቸው ይኸው ነበር፤ ለዓመታት ሳይለወጥ ኖረ፣ አንዳቸውንም አልሰለቻቸውም።

ውሃ ልክን ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ስድስት፣ እሷ አሥራ ሰባት ዓመታቸው ነበር። ልብስ ሰፊ ሆና አስተማረችው፤ ቁጥር ያስቆጠረችውም አንገቷ ላይ በምታንጠለጥለው የልብስ ሜትር ነው። እሱ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ እስኪይዝ ድረስ የመጣላትን ባል ሁሉ «ቆይ፣ ልጅ አለኝ» እያለች መለሰች። ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ እንኳ «እትዬ» ብሎ ከመጥራት በቀር ስሟ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። የምትኖረው በአውቶቡስ አምስት ሰዓት በሚያስሄድ ከተማ ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የእህቱ ልጅ ደወለችለት። እናቷ ሆስፒታል ከገባች ሳምንቷ ነው፤ ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ምንም ማድረግ እንደማይችሉ ዛሬ ነግረዋታል። «አጎቴ፣ ስምህን እየጠራች ነው» አለችው፤ ሌላ አልጨመረችም።

በዚያ ሰሞን ውሃ ልክን የምታግዘው ባልደረባው ወልዳ ቤቷ ተኝታ ነበር። እሱ ከሄደ የሚለካ ሰው የለም። የክፍሉ ኃላፊ በዕድሜ የሚያንሰው መሐንዲስ ነው፤ ከግቢው ቤቶች በአንዱ ይኖራል። በሩን አንኳኩቶ ነገሩን ነገረው። መሐንዲሱ ብዙ አላሰበም። የገዛ አባቱ ሲሞት እሱ በትምህርት ላይ ሩቅ አገር ነበር፤ የደረሰው ከተቀበረ በኋላ ነው።

«ጋሼ፣ ይሂዱ» አለው። «በእኔ የደረሰው አይድረስብዎ።»

«መዝገቡስ?»

«መዝገቡን ሲመለሱ እናየዋለን።»

እናየዋለን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ውሃ ልክ አልጠየቀም፤ መሐንዲሱም አላብራራም። የፈቃድ ቅጽም አልተሞላም፤ ቅጹ ላይ «ተተኪ ሠራተኛ» የሚል ቦታ አለና፣ ሁለቱም ያንን ቦታ በዓይነ ሕሊናቸው እያዩ ዝም ተባባሉ።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ አውቶቡስ ተሳፈረ። ሆስፒታሉ ሲደርስ እትዬ አወቀችው። ሸሚዙን በጣቷ ዳሰስ አድርጋ «ማነው የሰፋልህ? ትከሻው ጠማማ ነው» አለችው። ማክሰኞ አልተናገረችም፤ ከንፈሯን በርጥብ ጥጥ ሲያርስላት ብቻ ዓይኗን ትገልጥ ነበር። ረቡዕ ጠዋት፣ ነርሷ መጋረጃውን ስትከፍት፣ የእሱን አውራ ጣት እንደጨበጠች አረፈች። ጣቱን ወዲያው ማስለቀቅ አልቻለም፤ አልፈለገምም። ሐሙስ ቀበራት፤ ከቀብር መልስ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይቀመጥ ተሳፍሮ ወደ ሥራው ተመለሰ። አላለቀሰም። የእህቱ ልጅ እያለቀሰች እሱን ስታየው፣ በድንጋጤ የደረቀ መስሏት እሷው አጽናናችው።

ዓርብ ከሌላው ቀን ቀደም ብሎ ቢሮ ገባ። መዝገቡን ሲገልጠው አራት ባዶ ረድፍ ጠበቀው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ባዶ ረድፍ አይቶ አያውቅም፤ አፍ የከፈተ ነገር መሰለው። የሳምንቱ ገጽ ቅጂ በየዓርቡ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ይላካል። መሐንዲሱ ገና ቢሮ አልገባም። ሊጠብቀው ይችል ነበር፤ አልጠበቀውም። ሰውነቱ ዝሏል፣ ጭንቅላቱ ውስጥ አፈር ሲወርድ የሚሰማው ድምፅ አለ፣ ያንን ባዶ ቦታ ማየት ብቻ ነበር ያቃተው። ያለፈው ሳምንት ውሃ ደኅና ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረውም ደኅና ነው፤ የዚህ ሳምንቱ ምን የተለየ ያደርገዋል? ውሃ የማያነሳ ምክንያት ነበር፤ ግን ለራሱ ሰጠው፣ ራሱም ተቀበለው። ብዕሩን አንስቶ ሰባት ነጥብ አራት፣ ሰባት ነጥብ ሦስት፣ ሰባት ነጥብ አራት፣ ሰባት ነጥብ አምስት ብሎ ሞላ። በየረድፉም «የጠራ፤ ሽታ የለውም» ብሎ ጻፈ። እህቱ የሞተችበት ረቡዕም «የጠራ፤ ሽታ የለውም» ሆነ።

ከዚያ እንደ ወትሮው ጠርሙሶቹን ይዞ ወጣ። አትክልተኛዋ መርዶውን ከማዕድኑ ሾፌር ሰምታ ኖሮ፣ ገና ከሩቅ ስታየው መኮትኮቻዋን ጥላ፣ እጇን በቦዩ ውሃ ታጥባ መጣች። እግዜር ያጽናህ አለችው። ድልድዩ አጠገብ ድንጋይ ላይ አብራው ተቀመጠች፤ ስለ እህቱ ጠየቀችው፣ እሱ በአጭር በአጭሩ መለሰ። ልትነሳ ስትል ነው፣ የሰው ሐዘን ላይ የራሷን ችግር ማንሳት እያሳፈራት፣ ሰሞኑን ውሃው እንግዳ ሆኖባት እንደከረመ የነገረችው። ቀለሙ ዳለቻ ነበር፤ ረቡዕ ዕለት ዓሦች ነጭ ሆዳቸውን ሰቅለው ሲወርዱ አይታለች፤ ያጠጣቻቸው የቲማቲም ችግኞችም ጫፋቸው እንደ ተለበለበ ሆኗል።

ውሃ ልክ መለኪያውን ነከረ። ሰባት ነጥብ አራት። «ዛሬ ደኅና ነው» አላት።

«ባለፉት ቀናትስ?»

መዝገቡ ክንዱ ሥር ነበር። «ደኅና ነበር» አለ።

እሷም አመነችው። ምናልባት በሽታ ይሆናል፣ ምናልባት ፀሐዩ ይሆናል ብላ ወደ መደቧ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ውሃ ልክ አንገቱን ደፍቶ አለፋቸው። ችግኞቹ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ ሆኑ፤ ቀጥሎ መደቡ ባዶ ሆነ። እንደገና የተከለችውም አልያዘም። ከእሷ በታች ያሉት ሰባት ባለማሳዎችም ያው ደረሰባቸው። ያያል፤ እንዳላየ ያልፋል። «ውሃዬ እንዴት አደረ?» ስትለው ደኅና ይላታል፤ ሰላም ብሎሻል የሚለው ግን ከአፉ አልወጣ አለ። እሷ ሐዘኑ ነው አለች። እሱም ሐዘኔ ነው እያለ ራሱን ደለለ። አንድ ቀን ኖራው ወደ ኩሬው ከሚጨመርበት ከኖራ ቤቱ ሄዶ መጠየቅ እንዳለበት ልቡ ይነግረው ነበር፤ ልቡን ጆሮ ዳባ ልበስ አለው።

አራት ወር እንዲህ ሄደ። በአምስተኛው ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። ባለማሳዎቹ ከስሰዋል፤ የማዕድኑ ጠበቃ መልስ ሊሰጥ ነውና የእነዚያ ቀናት መዝገብ ቅጂ ተፈለገ። ከዋናው ጋር አንድ መሆኑን መፈረም ያለበት ጻፊው ራሱ ነው። የጠበቃው ጸሐፊ ቅጂውንና የክሱን ወረቀት በአንድ አቃፊ አድርጋ አመጣችለት፤ ጠበቃው በጣም ደስ እንዳለው፣ በእነዚያ ቀናት ውሃው ንጹሕ እንደነበር መዝገቡ አፍ አውጥቶ እንደሚናገር ነገረችው። ብዕር ሰጠችው።

ውሃ ልክ የክሱን ወረቀት አነበበ። ከሥር፣ የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ከሳሾቹ ሲናገሩ እንደወረደ የጻፈው ይመስላል፣ እንዲህ የሚል ነበር፦ «እኛ ያላመንነው ድርጅቱን ነው እንጂ ውሃ የሚለካውን ሰውዬ አይደለም። እሱ ይጠየቅ። እሱ አይዋሽም።» ከጎኑ ከስምንቱ የመጀመሪያው የአትክልተኛዋ የጣት አሻራ ነው።

ብዕሩን መለሰላት። ነገ እፈርማለሁ ብሎ ጸሐፊዋን አሰናበታት።

የኖራ ቤቱን የሚጠብቀው ባለሙያ «ሹክሹክታ» ይባላል፤ ዕድሜውን ሙሉ በሞተር ጩኸት ውስጥ ስለኖረ ጆሮው ደክሟል፣ ሚስጥር እንኳ ሲያወራ ከኩሬው ማዶ ይሰማል። ውሃ ልክ የዚያን ሳምንት የተረኛ ደብተር እንዲያሳየው ጠየቀው። ሹክሹክታ ደብተሩን ከመሳቢያ አወጣ፣ ጣቱን በምራቁ እያራሰ ገለጠ፣ አገኘውና አዙሮ ሰጠው። አንድ መስመር ነበር። ኖራ መጨመሪያው ተደፍኖ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ረቡዕ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ቆሟል።

«በሩን ለምን አልዘጋህም?» አለው ውሃ ልክ።

«አንተ ሳታዝ?» አለ ሹክሹክታ። «ቢሮህ ደወልኩ። ማክሰኞ ስድስት ጊዜ ደወልኩ፣ ረቡዕ ደግሞ አራት ጊዜ። የሚያነሳ የለም። ከዚያ ዓርብ ተመልሰህ ዝም ስትል፣ ያን ቀን ለክተህ ደኅና ሆኖ ያገኘኸው መሰለኝ።»

ይህን ሁሉ የተናገረው እንደ ልማዱ እየጮኸ ነበር፤ ውሃ ልክን ግን እያንዳንዷ ቃል ጆሮው ሥር በቀስታ እንደተነገረች ያህል ዘልቃ ገባችው። ማንም በሌለበት ክፍል ውስጥ ስልኩ ሲጮህ ታየው። ያን ጊዜ እሱ የእህቱን ከንፈር በጥጥ እያራሰ ነበር።

በነጋታው መሐንዲሱ ቢሮ ገብቶ በሩን ዘጋ። መዝገቡን ሊያርመው እንደሆነ ነገረው። መሐንዲሱ ፊቱ ጠቆረ፤ ተነሥቶ መስኮቱ ጋ ቆመ። አልተቆጣም። መጀመሪያ፣ ጉዳዩ እስኪያልቅ እንዲያቆዩት ለመነው። ቀጥሎ፣ እሱ ይሂዱ እንጂ ይጻፉ እንዳላለ አስታወሰው።

«አላሉም» አለ ውሃ ልክ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስምዎን አላነሳም፣ አይስጉ።»

መሐንዲሱ ዘወር አለ። «ጋሼ፣ እኔ ለራሴ ብቻ አይደለም። አራት ቀን የሐሰት ቁጥር አለበት ከተባለ፣ የቀረውን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ማን ያምንልዎታል? ያንን ሁሉ ጠዋት ነው የሚያፈርሱት።»

ይህን ውሃ ልክ አላሰበውም ነበር። ሌላው ቢቀር ያ ነበር ሀብቱ፤ ልጅ የለው፣ ርስት የለው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተለካ ውሃ ነው ያለው። እጅ ነሥቶ ወጣ።

ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ መዝገቡን ከፈተ። የሥራው ደንብ ግልጽ ነው፤ የተሳሳተ ቁጥር አይፋቅም፣ በቀለም አይሸፈንም፣ ገጽ አይቀደድም። አንድ መስመር ይሰመርበታል፣ ከሥር ያለው ስሕተት እንዲነበብ ይተዋል፣ ከጎኑ እውነቱ፣ የታረመበት ቀንና ፊርማ ይጻፋል። ሌሎች በተሳሳቱ ቁጥር እሱ ነበር ደንቡን የሚያስተምራቸው። ማስመሪያ አስጠግቶ አራቱን ረድፎች አንድ በአንድ ሰረዘ። ከየረድፉ ጎን «አልተለካም» ብሎ ጻፈ። ረቡዕ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። በዚያ ገጽ ላይ እንደማንኛውም ቀን ሆኖ ያለፈው ቀን፣ እትዬ ጣቱን ይዛ ያረፈችበት ቀን፣ አሁን ገና እሱ በሥራው ላይ ያልነበረበት ቀን ሆኖ ሊጻፍ ነው። «አልተለካም» አለ፣ ፈረመም፤ ከዚያ ግንባሩን ክንዱ ላይ ደፍቶ አለቀሰ። አምስት ወር ያህል የዘገየ ለቅሶ ነበርና ቶሎ አላባራም።

ጉዳዩ የተሰማው በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጠባብ አዳራሽ ነው። ረጅም ጠረጴዛ ነበር፤ በአንድ ወገን ጠበቃውና መሐንዲሱ፣ በሌላው ወገን ስምንቱ ባለማሳዎች ተቀምጠዋል። ጉዳዩን የምትመራው ተቆጣጣሪ ፈገግታ የማታውቅ፣ ሁሉን ሁለት ጊዜ የምታነብ ሴት ናት። ጠበቃው ያልተፈረመውን ቅጂ ይዞ ተነሣ፣ ሰውዬው ቀርቦ እንዲፈርምና ቃሉን እንዲሰጥ ጠየቀ። ውሃ ልክ ዋናውን መዝገብ ይዞ ቀረበና ለተቆጣጣሪዋ አስረከበ።

«እነዚህን አራት ቀናት አልለካሁም» አለ። «እዚህ አልነበርኩም። ቁጥሮቹን ከተመለስኩ በኋላ ከጭንቅላቴ ነው የጻፍኳቸው። የኖራ ቤቱ ደብተር መጨመሪያው ቆሞ እንደነበር ይናገራል፤ እሱን ይመልከቱ።»

ተቆጣጣሪዋ ገጹን አነበበች፤ እንደገና አነበበች። የት እንደነበር ጠየቀችው፤ እህቱን እየቀበረ እንደነበር ነገራት። ማን እንደፈቀደለት ጠየቀችው። መሐንዲሱ ጠረጴዛው ላይ ዓይኑን ተክሎ ቀረ።

«በወረቀት የተሰጠኝ ፈቃድ የለም» አለ ውሃ ልክ።

ጠበቃው ነቃ አለ። እንግዲህ ይህ ሰው በገዛ አፉ አጭበርባሪ ነኝ ካለ መዝገቡ በሙሉ ዋጋ የለውም፣ ዛሬ የሚናገረውም አይታመንም ብሎ ተከራከረ። ተቆጣጣሪዋ እስኪጨርስ ሰማችው፣ ጻፈችው። ከዚያ ከሳሾቹ የሚሉት እንዳለ ጠየቀች። አትክልተኛዋ ከመቀመጫዋ ሳትነሣ ወደ ውሃ ልክ ዞረች።

«ጠይቄህ ነበር» አለችው።

«ጠይቀሽኛል።»

«ደኅና ነበር አልከኝ።»

«ዋሸሁሽ።»

ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ፊቷን መለሰች።

የሹክሹክታ ደብተር ተመርምሮ፣ ከማሳዎቹ የተቆፈረው አፈር ቤተ ሙከራ ገብቶ፣ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ውሃ ልክ ግን ሌላ ፍርድ ነበረበት። ጠበቃው ባነሣው ጥያቄ ምክንያት አሥራ ዘጠኙም ዓመት ይመርመር ተባለ። ሁለት መርማሪዎች መጡና መዝገቦቹን በየሳምንቱ ቤተ ሙከራ ከገቡት ጠርሙሶች ውጤት ጋር ማመሳከር ጀመሩ። ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። ውሃ ልክ ከሥራ ታግዶ ነበር፤ ጥያቄ ቢኖራቸው ግን ይፈለጋልና በየቀኑ እየመጣ ኮሪደር ላይ ባለው ወንበር ይቀመጣል። በበሩ ክፍተት ገጾቹ ሲገለጡ ይሰማል። የሚያውቁት ሠራተኞች ሲያልፉ አንዳንዱ ትከሻውን መታ ያደርገዋል፣ አንዳንዱ ስልኩን እያየ ያልፋል። ግንበኞቹ ሲያዩት ዝም አሉ፤ በስሙ መቀለድም ሆነ በስሙ መጥራት ከብዷቸው።

በመጨረሻው ቀን ከመርማሪዎቹ አንዱ ወጥቶ አጠገቡ ቆመና፣ ከእነዚያ አራት ቀናት በቀር አንድም የሚጣረስ ቁጥር እንዳላገኙ ነገረው። ውሃ ልክ አመሰገነው። ደስ ይለኛል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ግን ደስታው ሳይመጣ ቀረ፣ የቀለለው ነገር ቢኖር ትከሻው ብቻ ነው።

ከሥራ ተሰናበተ። ይህን ከመጀመሪያው ያውቀው ስለነበር አልተከራከረም። ከስንብቱ ዘጠኝ ቀን በኋላ መሐንዲሱ ቤቱ ድረስ መጣ፤ ፈቃዱን በቃሉ የሰጠው እሱ መሆኑን ጽፎ ለተቆጣጣሪው ማስገባቱን ነገረው። በአዳራሹ ምላሱ ተሳስሮበት እንደነበር፣ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ እንደነሣው ሳይደብቅ ተናገረ። ደብዳቤው የውሃ ልክን ሥራ አልመለሰለትም፤ መሐንዲሱንም ማስጠንቀቂያ አሰጠው። ሁለቱ ሰዎች ግን ከዚያ በኋላ ሲገናኙ ዓይን ለዓይን መተያየት ቻሉ።

ውሳኔው የወጣው ወሩ ሊያልቅ ሲል ነው። በዚያው ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ የውሃ ልክ በር ተንኳኳ። ሲከፍት አትክልተኛዋ ናት፤ ቤቱ መጥታ አታውቅም። ውሳኔውን የያዘ የተከፈተ ፖስታ ይዛ ነበር። ልጇ ሊያነብላት ሞክሮ ቋንቋው እንደ እሾህ እየወጋ አላስኬደው አለ፤ ጎረቤቶቿም ያው ናቸው። «አንተ የቢሮ ወረቀት ታውቃለህ ብዬ ነው» አለች፤ ሰላምታም አላበዛችም።

አስቀመጣት። መነጽሩን አድርጎ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበላት፤ በየመሀሉ እየቆመም በሰው ቋንቋ ተረጎመላት። ማዕድኑ የተበላሸውን የማሳ አፈር አንሥቶ በጤነኛ አፈር እንዲተካ ታዟል። አፈሩ ተመርምሮ ደኅና ነው እስኪባል ድረስ ለስምንቱም ማሳ ንጹሕ ውሃ በቧንቧ ያመጣል። የሚለካው ሰው ከሁለት እንዳያንስ፤ ያልተለካ ቀን ካለም ያልተለካበት ምክንያት ተጽፎ በዚያው ቀን ለተቆጣጣሪው እንዲነገር። ኖራ መጨመሪያው ከቆመ ደግሞ የኖራ ቤቱ ተረኛ የማንንም ትእዛዝ ሳይጠብቅ በሩን እንዲዘጋ። ይህችን የመጨረሻዋን አንቀጽ ውሃ ልክ ሁለት ጊዜ አነበባት፤ ሁለተኛውን ግን ለራሱ ነው።

ሴትዮዋ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ስትሰማ ቆየች። አፈሩ መቼ እንደሚመጣ ጠየቀችው፤ በሁለት ወር ውስጥ ይላል አላት። ለቀጣዩ ተከላ ይደርሳል እንዴ ብላ በጣቷ ቆጠረች፣ ይደርሳል አለች። ወረቀቱን ተቀብላ አጠፈችው። የምትሄድ መስሎት ሊነሣ ሲል እሷ አልተነሣችም።

«እህትህ ስትሞት አጠገቧ ነበርክ?» አለችው።

«ነበርኩ።»

«አወቀችህ?»

«አወቀችኝ። ሸሚዝህ ጠማማ ነው አለችኝ።»

ሴትዮዋ ፈገግ ልትል ነበር፤ መልሳ ዋጠችው። «እንኳን ነበርክ» አለች። «እኔ ባሌ ሲሞት አልነበርኩም። አልሄድኩም ብትለኝ ኖሮ ከዚያ ወዲያ አላምንህም ነበር።»

ውሃ ልክ መነጽሩን አወለቀ።

«በመሄድህ አልተቀየምኩህም» አለች። «የተቀየምኩህ አራት ወር ሙሉ በማሳዬ መሀል እያለፍክ፣ ችግኜ ሲደርቅ እያየህ ባለመናገርህ ነው። ያኔውኑ ብትነግረኝ አፈሩ መበላሸቱን አውቅ ነበር። ሁለተኛውን ተከላ አላቃጥልም ነበር።»

«እውነትሽን ነው።»

«እውነቴን ነው» አለች እሷም። «አሁንም ቅር ይለኛል። ሲወጣልኝ እነግርሃለሁ።»

ይቅርታ አድርጊልኝ ሊላት ፈልጎ ነበር፤ ግን ይህን አሁን መጠየቅ ሌላ ሸክም መጫን መስሎ ታየውና ተወው። በምትኩ አፈሩ ሲመጣ አብሮ ሊደለድል እንደሚችል፣ ሥራ እንደፈታ፣ ወገቡም ገና ደኅና እንደሆነ ነገራት። እሷ ትንሽ አሰበችበት። ከእሷ ሌላ ሰባት ሰዎች እንዳሉ፣ እነሱም ሊቆጡት እንደሚችሉ አስጠነቀቀችው። ይቆጡኝ አላት።

«እንግዲያው አካፋህን ይዘህ ና» አለችና ተነሣች፤ ውሃ የምትስብበት የቦዩ ተራዋ አሥር ሰዓት ላይ ነበር፣ ለመድረስ መፍጠን ነበረባት።